ማክሰኞ የሚረሳ አባት

ልጄ ትሁት አባቷ ከሞተ በኋላ አርባ አንድ ምሽት አነጋግራዋለች።

ነገሩን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ የትምህርት ቤቷ የልጆች ጥበቃ ክፍል ኃላፊ መምህርት ሩሐማ፣ እና በሕንፃችን ምድር ቤት የሚኖሩት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቅነህ። ከሦስታችን አንዱ ደንብ ባይጥሱ ኖሮ ምሽቶቹ አርባ አንድ ላይ አይቆሙም ነበር። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው። በቃል ላመሰግናቸው ስሞክር “ተይ እባክሽ” ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል።

ባለቤቴ ገረመው የሞተው በ2071 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ ነው። አፋር ውስጥ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት መብራት በሚያመነጭ ጣቢያ የቁፋሮ ቴክኒሻን ነበር። ሦስት ወር ሠርቶ ለሁለት ሳምንት ወደ እኛ ወደ ኮምቦልቻ ይመጣል። አንድ ቀን ከፈረቃ ወጥቶ ተኛ፤ አልነቃም። ልብ ነው አሉ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የተቀበረው በትውልድ አገሩ በወረኢሉ ነው። ለትሁት ሥልጠና አለኝ ብዬ ሄጄ፣ ቀብሬው ተመለስኩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስባት ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷት ነበር። የእኛ ሰው ለተማሪ ፈተና ሲቃረብ መርዶ አይነግርም። እናቴም የአባቷን ሞት የሰማችው ማትሪክ በጨረሰች ማግሥት ነው። ስለዚህ ዘመዶቼም፣ የእድሩ ሰዎችም “ፈተናው ይለፍ” ሲሉ እኔም “ይለፍ” አልኩ። ልክ አይደለሽም ያለኝ ሰው አልነበረም።

በእናቴ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር የሚደበቀው በሰው አፍ ነበር። በእኛ ዘመን ሞግዚት አለች።

ሞግዚት ልጆችን የምትጠብቅ ፕሮግራም ናት፤ በከተማችን እሷ ያላሳደገችው ልጅ የለም። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በግራ እጃቸው የእሷን አምባር ያስራሉ፤ የሚጽፉትም የሚያዩትም የሚሰሙትም በእሷ በኩል ያልፋል። ክፉ ቃል ከልጅ እጅ ሳይወጣ ትይዘዋለች። የማይታወቅ ሰው “እንተዋወቅ” ቢል ልጁ ዘንድ አይደርስም። ጠዋት ልጆቹ በትምህርት ቤቱ በር እጃቸውን ዘርግተው ሲገቡ በየወላጁ ስልክ ላይ ቀለም ይመጣል። እናቶች እዚያ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን እሱ ነው።

“ያንቺ ምን ሆነች ዛሬ?”

“አረንጓዴ። ያንቺስ?”

“ቢጫ። ወንድሟን አህያ ብላው።”

“አህያ ከሆነስ?”

እንስቅና ወደየሥራችን እንበተናለን።

ሞግዚትን አላማም። እኔ በልጅነቴ ያየሁትን ልጄ አላየችም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስሙን እንኳ በትክክል የማላውቀው ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሲጽፍልኝ፣ ለማን እንደምናገር ግራ ገብቶኝ ነበር። ትሁት እንዲህ ያለ ቀን አልገጠማትም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከቀብር በተመለስኩ ማግሥት መምህርት ሩሐማ ቢሮዋ ጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ስታነጋግር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። “የመርዶ መጋረጃ” የሚል ቅጽ ከፊቴ ከፈተች። መጋረጃው ከተጋረደ የክፍል ጓደኞቿ ወሬውን ሰምተው “ነፍስ ይማር” ቢሏት ጽሑፉ አይደርሳትም። የአባቷ ስም ከሞት ጋር የተነሳበት ነገር ሁሉ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ መርዶው ሲነገር በአንድ ላይ ይለቀቃል። ይህ ገባኝ። በሁለተኛው ገጽ ላይ “የተለመደው ግንኙነት ይቀጥል?” የሚል ጥያቄ ነበር።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኳት።

“ማታ ማታ ይደውሉላት ነበር አይደል? ድንገት ቢቋረጥ ትጠረጥራለች።”

“ታዲያ ማን ሊደውል ነው?”

“ሞግዚት ናታ። ድምፃቸው አላት።” ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና “ብዙ ቤተሰብ ይመርጠዋል፣ ወይዘሮ ፀዳለ” አለች።

አውራ ጣቴን አስነካሁ።

በዚያው ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የትሁት አምባር ጠራ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

“የኔ ማር፣ እንዴት ዋልሽ?”

የገረመው ድምፅ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቼ አነሳሁትና መክተፌን ቀጠልኩ። ትሁት ስለ ሒሳብ መምህሯ አወራችው፤ ሳቀ። መጨረሻ ላይ እንደ ወትሮዋ “ደህና እደር አባዬ” አለችው። ወዲያው እኔ ስልክ ላይ አንድ መስመር መጣ፦ ትሁት ዛሬ ተረጋግታ ውላለች። አረንጓዴ።

ኑሯችን መልክ ያዘ። ጠዋት ባለቀለም ልብስ ለብሼ ከቤት እወጣለሁ። ምድር ቤት ስደርስ ጋሽ ወርቅነህ ቤት እገባና ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ እለብሳለሁ። ቀኑን በውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ሐዘንተኛ ሆኜ እውላለሁ። አመሻሽ ላይ እዚያው ገብቼ እቀይርና ደረጃውን እወጣለሁ። ጋሽ ወርቅነህ በእነዚያ ሰዓቶች ውጭ በረንዳ ላይ ይቆማሉ፤ አንድም ቀን “ቆየሽ” ወይም “ፈጠንሽ” ብለውኝ አያውቁም። ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጅ ልጃቸው ከቃልኪዳን ጋር ይኖራሉ። በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አርድተዋል።

አንድ ሰዓት ሲሆን እኔ ሁልጊዜ ወጥ ቤት ነኝ። የሚከተፍ ባይኖርም እከትፋለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን ረቡዕ ላይ መምህርት ሩሐማ እንደገና ጠራችኝ። ፊቷ ብሩህ ነበር።

“የትሁት ውጤት ከፍ ብሏል” አለችኝ። “እንቅልፏ፣ ትኩረቷ፣ ሁሉም። ሞግዚት መጋረጃው ከፈተናው በኋላም ይቆይ ትላለች። ዘጠነኛ ክፍልን እስክትላመድ፣ አንድ ዓመት።”

“አንድ ዓመት?”

“እረፍት ወጥተው ይመጡ የነበረውን ደግሞ በሥራ ብዛት ማሳበብ ይቻላል። ሌሎች ቤተሰቦችም አድርገውታል። እስከ ዓርብ መፈረም ነው።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ። “ነገ እፈርማለሁ” አልኩ። ልፈርም ወስኜ ነው የወጣሁት። መንገዱን ሁሉ ሳሰላ የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ምሽት እንዳለ ነው።

አመሻሽ ላይ ልብሴን ልቀይር ስገባ ጋሽ ወርቅነህ በረንዳቸው ላይ አልነበሩም። ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“ዛሬ አልወጣም” አሉኝ። “ቁጭ በይ።”

“ምነው ጋሽ ወርቅነህ? ቃልኪዳን ደህና አይደለችም?”

“ደህና ናት። ዛሬ የንባብ ተራዬ ነበር።”

የንባብ ተራ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን የሚወጣው ግዴታ ነው። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ሞግዚት የተጠራጠረቻቸውን ጽሑፎች የልጆቹ ስም ተሸፍኖ ሰው ያነባቸዋል፤ “አለፈ” ወይም “ወላጅ ይጠራ” ይላል። በመጨረሻ እንደ እቁብ በዕጣ አምስት ጽሑፎች ይወጣሉ፤ እነዚህ ያልተጠረጠሩ፣ አረንጓዴ የሆኑ ናቸው። አብዛኛው ሰው አምስቱን ሳያነብ “አለፈ፣ አለፈ” ብሎ ወደ ሥራው ይሮጣል። እኔም ባለፈው ዓመት እንዲያ አድርጌያለሁ። ጥብቅ ደንብ አለው። ልጁን ያወቀ አንባቢ “አወቅሁት” የሚለውን ተጭኖ ይነሳል፤ ጽሑፉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያነበበውን ውጭ አያወራም።

ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አደረጉ። የእድሩን የስብሰባ ደብተር አነሱና የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ።

“ከዚያ እንደወጣሁ እንዳልረሳው ጻፍኩት። ከአምስቱ አንዱ ነው። ልጅቷ በምሳ ሰዓት ለአባቷ የጻፈችው ነው። አንብቢው። እኔ ጮክ ብዬ አላነበውም።”

የእጅ ጽሑፋቸው ትልልቅ ነው።

*አባዬ፣ ላንጋኖ ስንሄድ ያየነው ጉማሬ ትዝ ይልሃል?*

*እንዴት ይረሳኛል የኔ ማር! ፈርተሽ እጄን ይዘሽኝ ነበር።*

*ላንጋኖ ሄደን አናውቅም። ግን አትቀየም። አባዬ እንዳልሆንክ ያወቅሁት በመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። አባዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ይረሳል። አንተ አትረሳም።*

*ስላወራሽኝ ደስ ብሎኛል የኔ ማር። ፈተናሽን እንዴት እየተዘጋጀሽ ነው?*

*ለእማዬ እንዳትነግራት። እሷ ፈተናውን እስክጨርስ ነው ዝም ያለችው። እኔ ደግሞ ዝም ያልኩት አንተ ስትደውል ከወጥ ቤት ስለምትሰማህ ነው። ሌላ የምትሰማው የላትም። ማታ ደውል እሺ?*

*እሺ የኔ ማር። አንድ ሰዓት ላይ።*

ከሥር ጋሽ ወርቅነህ “አረንጓዴ። ስጋት የለም” ብለው ጽፈዋል፤ ስክሪኑ ላይ የነበረውን ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ሞግዚት ለምን እንዳልነገረችኝ ልጠይቅ ነበር፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። አደጋ የሌለበትን የልጅ ምስጢር ለወላጅ አታወጣም። ደንቡ በወላጆች ስብሰባ ሲጸድቅ እጃቸውን ካወጡት አንዷ ነኝ።

ማክሰኞ የገረመው ፈረቃ የሚቀየርበት ቀን ነበር። በሕይወት ሳለ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ አምባሩ ጠርቶ አያውቅም። ረቡዕ ጠዋት ይደውልና “ቅጡኝ” ይላል። ትሁት ትቀጣዋለች፤ ቅጣቱ መዝፈን ነው። ለዘፈን የተፈጠረ ድምፅ አልነበረውም። እኔ በዚያ መርሳቱ አኩርፌበት አውቃለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ማክሰኞ ሲደወል ሰምቼ፣ ልብ አላልኩም። ልብ ማለት ስላልፈለግሁ ይመስለኛል።

“ደንቡን ጥሰዋል” አልኳቸው።

“ጥሻለሁ። አወቅሁት ብዬ ብነሳስ? ለማያውቃት ሰው ሊሰጡት አይደል? እሱ ደግሞ አረንጓዴ ነው ብሎ ያልፈዋል።” መነጽራቸውን አወለቁ። “እኔ ሹፌር ነበርኩ፣ ፀዳለ። አረንጓዴ በራ ተብሎ ዝም ብሎ አይነዳም። ግራ ቀኝ ይታያል። እግረኛ ይኖራል።”

“ፈተናው እኮ ሰኞ ነው።”

“ይሁና። አሁንስ እያወቀች አይደለም የምታጠናው? ብቻዋን ከምታውቀው ከእኛ ጋር ትወቀው።”

ጥቁሩን ነጠላ ጭኔ ላይ አድርጌ አጥፈዋለሁ፣ እፈታዋለሁ።

“ፈተናው ሰበብ ነው ጋሽ ወርቅነህ” አልኩ በመጨረሻ። “ነገ የአንድ ዓመት ልፈርም ነበር። ድምፁን የምሰማው እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“እንዴት አወቁ?”

“የሚስቴን ጫማ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። ማንም አንሳው ያለኝ የለም፤ ማንንም አልጎዳሁበትም። ጫማ ግን ‘እንዴት ዋልክ’ አይልም፣ ልጄ።”

ከዚያ ተነስተው በረንዳ ወጡ፤ ልብሴን እንድቀይር።

ሐሙስ ጠዋት ለመምህርት ሩሐማ መጋረጃው እንዲነሳ እንደምፈልግ ነገርኳት። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችኝም፤ ጋሽ ወርቅነህ ከእኔ ቀድመው ሄደው ራሳቸው ነግረዋት ኖሯል። የጻፉትን ደብተርም አሳይተዋት ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

“እኔ ውጤቷን ብቻ ነው ያየሁት” አለችኝ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“የፈረምኩት እኔ ነኝ።”

“ዛሬ ማታ ይቁም ወይስ…”

“ዛሬ ማታ ይደውል። ከዚያ ይበቃል።”

ያን ምሽት ወጥ ቤት አልገባሁም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሄጄ ሶፋው ላይ ከትሁት አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አምባሩ ጠራ።

“የኔ ማር፣ እንዴት ዋልሽ?”

“ደህና” አለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ስለ ምሳዋ፣ ስለ ሳይንስ ጥያቄዎች፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጥሩ ድምፅ ነበር። አንድም ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ገረመው በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ይጠርግ ነበር። ሲጨርስ ትሁት “ደህና እደር” አላለችም።

“ደህና ሁን” አለች። “አመሰግናለሁ።”

“ምንም አይደል የኔ ማር” አላት።

በስልኬ ላይ አረንጓዴው መስመር መጣ። ከዚያ አብረን እራት በላን። ለምን ያኔውኑ አልነገርሻትም የሚል ሰው ይኖራል። መርዶ እናት ብቻዋን የምትነግረው ነገር አይደለም። ሰው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ በቤቱ መኖር አለበት፤ ለዚህ ነው ሰዎቹ በማለዳ ተሰብስበው የሚመጡት። ይህን ቀድሞ የማውቀው እንደ ልማድ ነበር።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋሽ ወርቅነህ ከፊት፣ ጎረቤታችን ሐጂ ይማም ከጎናቸው፣ ከኋላ የእድሩ ሴቶች፣ ከወረኢሉ ማታውን የደረሰው የገረመው ታላቅ ወንድም። መምህርት ሩሐማም ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ ማንም አልጠራትም። ደረጃውን እርምጃቸውን እያለዘቡ ሲወጡ ከመኝታ ቤቴ ሰማኋቸው። ጥቁሩን ቀሚስ በገዛ ቤቴ ለብሼ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወደ በሩ ስሄድ ትሁት ቀድማኝ ደርሳ ነበር።

የትምህርት ቤት የደንብ ልብሷን ለብሳለች። በላዩ ነጭ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፍታለች። ጥለቱ ከአንገቷ ሥር እኩል ሆኖ ታጥፏል። ማን አሳያት? እኔ አላሳየኋትም። በኋላ ስጠይቃት ጋሽ ወርቅነህ ቤት ከቃልኪዳን ጋር ስታጠና ከበሩ ጀርባ የእኔን ነጠላ አይታ፣ አስተጣጠፉን በዚያ እንደተማረች ነገረችኝ።

ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው። ጋሽ ወርቅነህ ሠላሳ ዓመት የተናገሩት ቃል አፋቸው ላይ ነበር። አላስጨረሰቻቸውም።

“ይግቡ ጋሽ ወርቅነህ” አለች። “እማዬን ያዙልኝ።”

ያዙኝም። አርባ አራት ቀን ያልወጣ ነገር ወጣ፤ እሱንም አልጽፈውም። የማስታውሰው ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ሲይዙኝ፣ ትሁት በአጎቷ ደረት ላይ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ነው። እንዲያ ስታለቅስ ከሰማኋት ዓመታት አልፈው ነበር። አምባሯ ቀይ በራ። የእኔም ስልክ ቀይ ሆነ፤ ይጮህ ጀመር። ሐጂ ይማም አነሱትና ትራስ ሥር ከተቱት።

“ይጩህ” አሉ። “ዛሬ ሁላችንም ቀይ ነን።”

ከሁሉም መካከል ሳቅ ያመለጣት ትሁት ነበረች፤ እንባዋ ሳይደርቅ።

መጋረጃው ሲነሳ የክፍሏ ልጆች በስድስት ሳምንት ውስጥ የጻፉላት ሁሉ በአንድ ላይ ደረሳት። ሃምሳ ሁለት ናቸው። አንዱ ልጅ አህያ ብሎ ሰድቧት ለነበረው ይቅርታ ጠይቋል። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ በመካከል እየገባና እየወጣ፣ ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ለሦስት ዓመት ከንባብ ተራ ታግደዋል። ደብዳቤው ደንቡን ጠቅሶ በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ተገቢ ደንብ መሆኑንም አልክድም። ሁሉም አንባቢ ያየውን ይዞ ቢወጣ ልጆቹ የት ይደበቃሉ? እሳቸውም አልተከራከሩም። “ትክክል ናቸው” አሉ፤ “እኔም ትክክል ነኝ።” የቃልኪዳንን ተራ እኔ እንድወጣላት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አምስቱን አረንጓዴዎች መጨረሻ ላይ አላደርጋቸውም። ከእነሱ እጀምራለሁ፤ ቀስ ብዬ።

ትሁት ሰኞም ማክሰኞም ሄዳ ተፈተነች። ማክሰኞ ከሰዓት ስትመለስ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ነበር። ሊመሽ ሲል ሰዎቹ ቀስ በቀስ ሄዱ፤ ጋሽ ወርቅነህ ብቻ ከአንድ ጥግ ቀሩ። እኔ ሳላስበው ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ይዤ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ አንድ ሞላ።

ምንም አልጠራም።

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የዝምታው ርዝመት ገረመኝ። በሩን ገፋ አድርጋ ትሁት ገባች፤ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና ሽንኩርቱን ራሷ ትከትፍ ጀመር። አከታተፏ አባቷን ነው፤ ትልልቅ።

“ማክሰኞ ነው እኮ እማዬ” አለችኝ። “አባዬ ማክሰኞ ይረሳል።”

ከሳሎን ጋሽ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማን።